ወንድምህን ማን ብለህ ትጠራዋለህ?



አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ጠርታችሁ «ናቡከደነፆር ወደ እሳት የጣላቸው ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው?» ብትሉት ሳያስብ ይመልስላችኋል፤ ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ። ልጁ አልተሳሳተም። ነገር ግን ወላጆቻቸው እንዲህ ብለው አልጠሯቸውም። ስማቸው ሐናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ ነበር። ሌላውን ስም ያወጣላቸው የባቢሎን ንጉሥ የጃንደረቦች አለቃ ነው (ዳን. 1፥6-7)። ሐናንያና አዛርያ በሚሉት ስሞች ውስጥ የእስራኤል አምላክ ስም አለ፤ አብደናጎ በሚለው ውስጥ ያለው ግን የባቢሎን ጣዖት ስም እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። ለዳንኤልም ብልጣሶር የሚል ስም ወጥቶለት ነበር፤ የእርሱ የቀድሞ ስም ተረፈ። ሦስቱን ግን የማራኪያቸው ስም ተጣብቆባቸው ቀረ፤ እኛም እስከ ዛሬ በዚያው እንጠራቸዋለን።

ስም የሚያወጣው የበላይ የሆነው ነው፤ የበታቹ ይጠራበታል። በአገራችንም ትምህርት ቤት ሲገቡ «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ስም ነው?» ተብለው በመዝገብ ላይ ሌላ ስም የተጻፈላቸው የደቡብና የምዕራብ ልጆች ነበሩ። ዛሬ ሽማግሌዎችና እናቶች ሆነው አብረውን ያመልካሉ። አንዳንዶቹ ሁለት ስም አላቸው፤ አንዱ የመታወቂያ፣ አንዱ እናታቸው የምትጠራቸው። የአንድ ሰው ስም እንዲህ ከተቀየረ የሕዝብም ስም እንደዚሁ መሆኑ አያስደንቅም።

ቃላቱን ሳልጽፍ ስለ ቃላቱ መነጋገር አልችልም። ስለዚህ እያንዳንዱን የቆየ ስም አንድ ጊዜ ብቻ እጽፈዋለሁ። ኦሮሞን «ጋላ»፣ ወላይታን «ወላሞ»፣ የምን «ጃንጀሮ»፣ ጉሙዝንና በርታን «ሻንቅላ»፣ ቤተ እስራኤልን «ፈላሻ» ማለት ለብዙ ዘመን በመንግሥት ደብዳቤ፣ በካርታ፣ በመጻሕፍትና በሚሲዮን ሪፖርት ጭምር የተለመደ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ባሉት ዓመታት ሕዝቦቹ ራሳቸውን የሚጠሩባቸው ስሞች የመንግሥትን ወረቀት ያዙ። ከወረቀት ወጡ ማለት ግን ከአፍ ወጡ ማለት አይደለም። በቁጣ ጊዜ ይመለሳሉ፣ በቀልድ ጊዜ ይመለሳሉ፣ አንዳንዴም ከእኛው መድረክ ላይ ይሰማሉ። የምን ሕዝብ የሚመለከተው ቃል ከአንድ እንስሳ ስም ጋር ስለሚቀራረብ የየም ልጆች ከአገራቸው ውጭ ሲማሩ ምን እየተባሉ እንዳደጉ መገመት አያቅትም።

ይህን ርዕስ ስናነሣ ወዲያው የሚመጣ ክርክር አለ። «ቃሉ እኮ በመጀመሪያ ስድብ አልነበረም» ይባላል። አባ ባሕርይ በ1593 እ.ኤ.አ. በግእዝ የጻፉት የታወቀ ታሪክ በርዕሱ ላይ ያንን ቃል ይዟል፤ የአውሮፓ ተጓዦችም ተጠቅመውበታል። ስለ ቃሉ አመጣጥ ምሁራን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እውነቱ ሙሉ እንዲሆን ግን ሌላም መጨመር አለበት። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ይህ ስም ሌሎች ያወጡላቸው እንደ ሆነና ሕዝቡ ራሱን «ኦርማ» ወይም «ኦሮማ» ብሎ እንደሚጠራ ጽፎአል፤ አገራቸውንም «ኦርማኒያ» ብሎ ለመጥራት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እንግዲህ «አላወቅንም ነበር» የሚለው ምክንያት ቢያንስ ለእኛ ለወንጌላውያን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አርጅቷል።

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ይነካናል፤ ምክንያቱም የሚነሣበት ሰው አባታችን ነው። «ኦኔሲሞስ ነሲብ ራሱ ቃሉን ተጠቅሞበት የለ?» ይላሉ። አዎን፣ በ1894 እ.ኤ.አ. በምጽዋ አጠገብ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ያሳተመው የፊደል መጽሐፍ በሽፋኑ ላይ ያ ቃል አለ። ግን ይህ ሰው ማን ነበር? በኢሉባቦር የተወለደ፣ ሂካ የሚባል ልጅ፤ ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ የተሸጠ፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሮ በ1870 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ነጻ የወጣ። ሂካ ማለት በኦሮምኛ አስተርጓሚ ማለት ነው። ኦኔሲሞስ የሚለውን ስም ያገኘው በክርስትናው ነው፤ ጳውሎስ ለፊልሞና እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ብሎ በላከለት በዚያ ሰው ስም ማለት ነው። ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ፣ በ1899 እ.ኤ.አ. መላው መጽሐፍ ቅዱስ በሕዝቡ ቋንቋ እንዲታተም አደረገ። በዘመኑ በማተሚያ ቤቶችና በምሁራን ዘንድ የተለመደው ስም ያ ነበር፤ በዚያ ስም ታተመ። ያንን ሽፋን ይዞ ዛሬ የኦሮሞን ወንድም ለመቍሰል የሚጠቀም ሰው፣ ከኦኔሲሞስ ሥራ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ አንብቧል ማለት ነው።

የአሮጌ መጻሕፍት ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ይጥፉ ወይም ይቀደዱ የሚል አሳብ የለኝም። የወላይታን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የጻፉ ሚሲዮናውያን በ1937 እ.ኤ.አ. ከአገር ሲወጡ 48 ያህል የተጠመቁ አማኞች ትተው እንደ ሄዱና ከጣሊያን በኋላ ሲመለሱ 10,000 ያህል ሆነው እንዳገኟቸው ይነግሩናል። በእነዚያ መጻሕፍት የሕዝቡ ስም የቀድሞው ስም ነው። ይነበቡ፤ ድንቅ ምስክርነት ናቸው። ስናነብላቸው ግን «ወላይታ» ብለን ማንበብ አያቅተንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «ቃሉ እኮ በራሱ ክፉ አይደለም» ለሚለው ክርክር ቀጥተኛ መልስ የሚሰጥ ምዕራፍ አለ ብዬ አምናለሁ፤ እርሱም አንደኛ ቆሮንቶስ 8 ነው። ርዕሱ ለጣዖት የተሠዋ ሥጋ ነው። አዋቂ ነን የሚሉት የቆሮንቶስ ሰዎች «ጣዖት ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ሥጋው ሥጋ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። አስተውሉ፤ ትክክል ነበሩ! ጳውሎስ በእውቀታቸው ይስማማል። ሆኖም እውቀት እንደሚያስታብይና ፍቅር እንደሚያንጽ በዚያው ይነግራቸዋል፤ ወንድሙን ከሚያሰናክል ይልቅ ሥጋን ጨርሶ ለመተው እንደ ተዘጋጀ ጽፎ ምዕራፉን ይዘጋል። የቃሉን ሥርወ ግንድ ቆፍረን «ይኸው፣ ስድብ አይደለም» ስንል እኛም እንደዚያ አዋቂዎች ነን። ምናልባት ትክክል እንሆናለን። ወንድማችን ግን እዚያው ቆስሎ ተቀምጧል።

ምሳሌው በአንድ ቦታ አይገጥምም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። በቆሮንቶስ የሚሰናከለው ወንድም ኅሊናው ደካማ የሆነ ሰው ነው። በስሙ ምክንያት የተቀየመው ወንድም ግን ደካማ አይደለም። ምን እንደ ተባለና በየትኛው ዘመን እንደ ተባለ በደንብ ያውቃል። አያቱ ገባር ሆነው ያንን ስም ሰምተዋል፤ ቅድመ አያቱ ምናልባት በገበያ ተሸጠዋል። «ለምን ይህን ያህል ሆደ ባሻ ትሆናለህ?» የምንለው እኛ ነን ነገሩን ያልገባን።

«የትኛው ስም እንደሚያቆስል ማን ይወስን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተሸካሚው ይወስን ባይ ነኝ። ጫማው የት እንደሚቆነጥጥ የሚያውቀው ያጠለቀው ነው። ነገሩ ሁልጊዜ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንዲት እናት ቃሉን ስለ ራሳቸው ሲናገሩበት ይሰማ ይሆናል፤ በልጅነታቸው የለመዱት እርሱን ነው። ኮሌጅ የገባው የልጅ ልጃቸው ግን ሲሰማው ፊቱ ይቀላል። እንግዲህ እማማ ብለውታል ብለን እኛ ደግሞ እንበለው? እርሳቸው ስለ ራሳቸው ያሉትን እኛ ስለ እርሳቸው የመናገር ፈቃድ አላገኘንም። በአንድ ቤት ሰዎች አሳብ ሲለያይ፣ የሚከፋውን ሰምቶ ዝም ማለት ማንንም አያስከፋም።

እኛ ወንጌላውያን ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ልንረዳ ይገባን ነበር። «ጴንጤ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ከጴንጤቆስጤ ነው፤ በኋላ ግን የመካነ ኢየሱስ ሆነ የቃለ ሕይወት፣ በልሳን የጸለየም ያልጸለየም ሁሉ በአንድ ከረጢት ተጨምሮ በዚያ ስም ተጠራ። ስሙ የተሰጠን ለማክበር አልነበረም። በንጉሡ ዘመን መጨረሻና በደርግ ጊዜ ስሙ ከሥራ ያስባርር፣ ከቤት ያስወጣ፣ ያሳስር ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ በሞተ ሰው ላይ እንኳ የመቃብር ቦታ ያስከለክል ነበር። ዛሬ ብዙ ወጣቶቻችን «እኔ ጴንጤ ነኝ» ሲሉ ፈገግ እያሉ ነው፤ ሸማግሌዎቹ ግን እስከ አሁን «ወንጌላውያን አማኞች» መባልን ይመርጣሉ። አንዱ ስም፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ ለአንዱ ጌጥ ለሌላው ጠባሳ ነው።

«ክርስቲያን» የሚለውም ስም ደቀ መዛሙርት ለራሳቸው ያወጡት አይመስልም። በአንጾኪያ ተባሉ ነው የሚለን (የሐዋ. ሥራ 11፥26)። ጴጥሮስም ያ ስም መከራ ቢያመጣባቸው እንዳያፍሩ ይመክራቸዋል (1ጴጥ. 4፥16)። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በዮሐንስ ወንጌል 8፥48-49 ያለው ነው። አይሁድ ጌታን ሁለት ነገር ብለው ሰደቡት፤ ሳምራዊ ነህ፣ ጋኔንም አለብህ አሉት። ጌታ ለሁለተኛው መለሰ፤ ጋኔን የለብኝም አለ። ለመጀመሪያው አልመለሰም። «ሳምራዊስ አይደለሁም» ማለት ይችል ነበር፤ እውነትም ነው፣ አይሁዳዊ ነበር። ግን ሳምራዊ መባልን እንደ ውርደት ቆጥሮ ከራሱ ላይ አላራገፈም። በሲካር ጉድጓድ አጠገብ የተቀመጡትን ያስብ ነበር ይሆን? አላውቅም። ብቻ የሌላው ሕዝብ ስም ስድብ ሆኖ ሲወረወርበት ዝም አለ።

ከዚህ የምንማረው ልዩነት ትልቅ ነው። በራሴ ላይ የተለጠፈውን ስም ስለ ጌታ ብዬ ልሸከመው እችላለሁ፤ ይህ የእኔ ትዕግሥት ነው። በወንድሜ ላይ ስም ለጥፌ «አንተም ታገሥ» ለማለት ግን ምንም ፈቃድ የለኝም። ጌታ በተራራው ስብከት ወንድሙን በቀድሞው ትርጉም «ጨርቃም» የሚለውን ሰው ከነፍሰ ገዳይ ጋር በአንድ አንቀጽ አስቀምጦታል (ማቴ. 5፥21-22)።

በቤታችን ውስጥ ወደሚደረገው ልምጣ፤ በዚያ ፍቅርና ንቀት ተቀላቅለው ይኖራሉና። ጠቆር ብሎ የተወለደ ልጅ «ሻንቆ» ይባላል። እናት በፍቅር ነው የምትጠራው፤ ልጁም ወዶት ያድጋል። ነገር ግን ቃሉ ከላይ ከጻፍኩት ከጉሙዝና ከበርታ ስም የወጣ ነው፤ ያም ስም ለዘመናት ከባሪያ ንግድ ጋር ተሳስሮ የኖረ ነው። እናቲቱን አልወቅስም። ግን ከአሶሳ ወይም ከመተከል የመጣች እህት ከኅብረት በኋላ ቡና ስትጠጣ ያ ቁልምጫ ሲጠራ ብትሰማ ምን ይሰማታል?

«ባሪያ» የሚለው ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በመድረካችን ላይ ይህ ቃል ክብር ነው። ጳውሎስ ራሱን የኢየሱስ ክርስቶስ ባሪያ ይላል፤ እኛም አገልጋይን ልናከብር ስንፈልግ «የጌታ ባሪያ» እንላለን። በዚያው እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጋምቤላ መጥቶ በከተማችን የሚማር ወጣት በታክሲ ሰልፍ ላይ ያንኑ ቃል በሌላ ድምፅ ይሰማል። ሰባኪው ቃሉን ሲናገር ጉባኤው «አሜን» ይላል፤ ወጣቱ አሜን ለማለት ምን ያህል መንገድ መሄድ እንዳለበት አስበን እናውቃለን? ቃሉን ከመጽሐፍ ቅዱስ እናውጣው አልልም፤ ጳውሎስ ያለው ትርጉም ያለው ነው። ግን ሰባኪ ስለዚህ ቃል ሲሰብክ፣ በአገራችን ሰው በገበያ ይሸጥ እንደ ነበረ፣ ንግዱም በሕግ የተከለከለው በአያቶቻችን ዘመን እንደ ሆነ፣ ዛሬም ቃሉ በመልኩ ምክንያት በወንድማችን ላይ እንደሚወረወር አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ስብከቱ አይረዝምበትም።

ከቆዩት ስሞች ይልቅ ዛሬ ደም የሚያፈስሱት አዲሶቹ ናቸው። «ነፍጠኛ» በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነፍጥ ይዞ ወደ ደቡብ የዘመተውንና በደመወዝ ፈንታ ገባር የተሰጠውን ወታደር የሚያመለክት ቃል ነበር። ዛሬ ጠመንጃ ይዞ የማያውቅ፣ በተከራየው መሬት በቆሎ የሚዘራ የአማራ ገበሬ በዚሁ ስም ተጠርቶ ከቤቱ ተባርሯል፤ ተገድሏልም። «ጁንታ» ስለ አንድ ፓርቲ መሪዎች ነው ተብሎ ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ትግርኛ የተናገረ ሻይ ሻጭ ሁሉ የሚጠረጠርበት ስም ሆነ። «ሸኔ»ም እንዲሁ በጫካ ያለውን ታጣቂ ትቶ የኦሮሞ ወጣት ሁሉ ግንባር ላይ ተለጠፈ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ቁስል ያውቃል፤ ሌላው ላይ የሚለጥፈውን ግን «እኔ እኮ ሥርዓቱን ነው እንጂ ሕዝቡን አላልኩም» ይላል።

ይህን ምክንያት በቀላሉ አልጥለውም። ስለ ግፍ መናገር ያስፈልጋል፤ ነቢያትም ተናግረዋል። ሥርዓትን ለመውቀስ ስም የግድ ከሆነ ግን ሥርዓቱ ራሱ ስም አለው። ንጉሡን በስሙ፣ ፓርቲውን በስሙ፣ አዛዡን በስሙ መጥራት ይቻላል፤ ናታን ዳዊትን «ያ ሰው አንተ ነህ» ሲለው የይሁዳን ነገድ ሁሉ አልሰደበም። ቃሉ ሥርዓቱን ብቻ የሚያመለክት መሆኑን ማወቅ የምትፈልጉ አንድ ነገር አድርጉ፤ በጌታ እራት እሁድ ዳቦውን ከእጃችሁ ለምትቀበለው ለዚያ ወገን እናት ቃሉን ጮክ ብላችሁ መናገር ትችሉ እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ምላሳችሁ ከተያዘ መልሱን አግኝታችኋል።

መጽሐፈ መሳፍንት 12ን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው «ሺቦሌት» በሚለው ቃል ነው። የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ ያንን ቃል በል ይሉት ነበር፤ «ሲቦሌት» ያለውን ኤፍሬማዊ ያርዱታል። አርባ ሁለት ሺህ ሰው ወደቀ። ስለ ፊደሉ ስንደነቅ ከሁለት ቁጥር በፊት ያለውን እንዘልላለን። ቁጥር 4 ጦርነቱ ለምን እንደ ከፋ ይነግረናል፤ ኤፍሬማውያን የገለዓድን ሰዎች «ከኤፍሬም የሸሻችሁ» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። መጀመሪያ ቅጽል ስም ነበረ፤ መሻገሪያው ላይ የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው። የቤተ እስራኤልም የቀድሞ ስም «ፈለሰ» ከሚለው የመጣ ነው ይባላል፤ አገር የሌለው፣ መጤ ማለት ነው። እስራኤል አገር ከገቡ በኋላም ይህ ስም ከኋላቸው አልቀረም፤ እዚያም ብዙዎች ስድብ አድርገው ይቈጥሩታል። ሰውን «አንተ የዚህ አገር አይደለህም» የሚል ስም በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ መንገድ መዝጊያው ላይ የሚቆመው ሰው ከዚያ በኋላ ለመምጣት ጊዜ አይፈጅበትም።

ደግሞ ቅላጼ። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የታወቀው በገሊላ አነጋገሩ ነበር (ማቴ. 26፥73)። በመድረካችን ላይ ግን የጉራጌውን፣ የወላይታውን፣ የትግሬውን፣ የጎጃሜውን አማርኛ አስመስሎ ጉባኤውን ማሳቅ እንደ ስጦታ የሚቆጥሩ አገልጋዮች አሉ። ሳቁ እውነተኛ ነው፤ የሚቀለድበትም ሰው ከሁሉ ጋር ይስቃል። ምን ያድርግ? በጉባኤ መካከል ብቻውን ኮስተር ብሎ ቢቀመጥ «ቀልድ አያውቅም» ሊባል ነው።

እዚህ ላይ የጳውሎስን ወደ ቲቶ የላከውን መልእክት የሚያነሣ አንባቢ አይጠፋም። በምዕራፍ 1፥12 ላይ ስለ ቀርጤስ ሰዎች ከባድ ቃል አለ፤ ሐሰተኞችና ሆዳሞች ይላቸዋል፤ ጳውሎስም ምስክርነቱ እውነት ነው ይላል። ከባድ ክፍል ነው፤ ቀለል ላደርገው አልፈልግም። ሁለት ነገር ግን በዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ቃሉን የተናገረው ከራሳቸው ወገን የሆነ ሰው ነው። ቲቶም በቀርጤስ የቀረው ከእነዚያው ከቀርጤስ ሰዎች መካከል በየከተማው ሽማግሌዎችን እንዲሾም ነው። አንድን ሕዝብ በቅጽል ስም የሚጠራ ሰባኪ በዚህ ጥቅስ ሊደገፍ ከፈለገ፣ መጀመሪያ ከዚያ ሕዝብ ስንት ሽማግሌ በአጥቢያው እንዳለ ይቁጠር።

በአገራችን የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ፖሊስ እስኪመጣ መጠበቅ የለባትም፤ የአብዛኛው ሽሙጥ ነገር ደግሞ ፍርድ ቤት የሚደርስ አይደለም።

ስለዚህ ለአጥቢያ ሽማግሌዎች አንድ ተግባራዊ አሳብ አለኝ። እንግዳ አገልጋይ መጥቶ በስብከት መካከል እንዲህ ያለ ቃል ወይም ቀልድ ቢያመልጠው ምን ይደረጋል? የተለመደው፣ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፤ ስብከቱ ያልቃል፤ እንግዳው ምሳ ይጋበዛል፤ የተነካው ወንድም ደግሞ በሚቀጥለው እሁድ አይመጣም። በሦስተኛው ሳምንት «ወንድማችን ጠፋብን» ተብሎ ይጸለይለታል። እንደ እኔ አሳብ በዚያው ዕለት፣ በዚያው መድረክ፣ ከማስታወቂያው ጋር አንድ ሽማግሌ ቆመው «ዛሬ ከዚህ መድረክ የተነገረው ቃል የቤተ ክርስቲያናችን ቃል አይደለም፤ ወገኖቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን» ማለት አለባቸው። እንግዳውን ማዋረድ አያስፈልግም፤ ስሙም ሳይጠራ ይቻላል፤ ከእርሱ ጋር በግል መነጋገር ደግሞ ከምሳ በፊት ይሁን። ለቅሬታ የሚመጣ ሰው አይጠበቅ፤ የተመታው ራሱ «ተመታሁ» ብሎ በቢሮ በር ላይ እንዲቆም ማድረግ ሁለተኛ መምታት ነው። ተናጋሪው ሽማግሌም ቢቻል ከተነካው ወገን ባይሆኑ ይሻላል።

ስብከቱ በዩቲዩብ የሚተላለፍ ከሆነ ያችን ደቂቃ በዝምታ ቆርጦ መጫን አይበቃም፤ በአዳራሹ የነበሩት ሰምተዋልና። ይቆረጥ፤ ይቅርታውም አብሮ ይጫን።